ጉብታ ላይ የተገኘው ዋልካ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ውድ አዘጋጅ፣ ያደግሁት በቾ ሜዳ፣ አባቴ ከሚያርሰው ዋልካ ዳር ነው። ዛሬ ከቤተሰቤ ጋር የምኖረው በቴክሳስ፣ ከዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ከተማ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የገዛነው ቤት ባለፈው ነሐሴ ሙቀቱ ሲበረታ ከመግቢያው በር በላይ ተሰነጠቀ፤ የመኝታ ቤቱም በር አልገጥም አለ። ሊያየው የመጣው ባለሙያ ጥፋቱ የአፈሩ እንደሆነ ነግሮኝ አንድ ወረቀት ትቶልኝ ሄደ። ወረቀቱ ላይ «ሂውስተን ብላክ ክሌይ፣ ከ1 እስከ 3 በመቶ ተዳፋት» የሚል ይነበባል፤ ከሥሩ ደግሞ «ፋይን፣ ስሜክቲቲክ፣ ተርሚክ ዩዲክ ሃፕልስተርትስ» የሚል ግራ የሚያጋባ ስም አለ። ጓሮዬን ቆፍሬ ሳየው ግን ቁርጥ የአባቴ ዋልካ ነው፤ ጭቃው ጫማ ላይ አንዴ ከተጣበቀ በቢላ ካልፋቁት አይላቀቅም። የከነከነኝ ሌላ ነው። ቤታችን ያለው ጉብታ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ዋልካ የሚገኘው ውሃ በሚተኛበት ረባዳ ሲሆን ተረተሩ ላይ ያለው ቀይ አፈር ነው። ዋልካ ጉብታ ላይ እንዴት ወጣ? ያ ረጅም ስምስ ምን ይላል?

የበቾው ልጅ፣ ከጋርላንድ

መልስ፦

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ዓይንዎ አልተሳሳተም። ጓሮዎ ውስጥ ያለው አፈርና በቾ ላይ በሬ ያደከመው ዋልካ በዓለም የአፈር ምደባ አንድ ዋና ክፍል ውስጥ የሚገቡ ናቸው፤ የክፍሉም ስም ቬርቲሶል ይባላል። እንዲያውም ሂውስተን ብላክ በአፈር ተመራማሪዎች ዘንድ የቬርቲሶል ዓይነተኛ ምሳሌ ተደርጎ የሚጠቀስ ሲሆን፣ የቴክሳስ መለያ አፈር እየተባለ የሚጠራውም እርሱ ነው። ስሙ በአፈር ቅየሳ መዝገብ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የሂውስተንን ስም ይያዝ እንጂ የተዘረጋው ከዳላስ ሰሜን ተነሥቶ በዌኮ፣ በቴምፕልና በኦስቲን በኩል እስከ ሳን አንቶኒዮ በሚወርደው የጥቁር አፈር የሣር ሜዳ ላይ ሲሆን፣ ስፋቱም 1.5 ሚሊዮን ኤከር ወይም 600 ሺህ ሄክታር ያህል ነው። በአባትዎ ልኬት ብናስበው ወደ 15 ሺህ ጋሻ ይጠጋል።

አሁን ወደ ከነከነዎት ነገር እንምጣ። አንድ አፈር ዋልካ የሚሆነው ውሃ ስለተኛበት ብቻ አይደለም፤ ዋናው ነገር ከምን ድንጋይ እንደተወለደ ነው። በበቾም ሆነ በአድአ፣ በዙሪያው ያለው ከፍታ ባብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ያ ድንጋይ ሲበሰብስ ከተረተሩ ላይ ዝናቡ ሲሊካውን፣ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ያወርድና ብረቱ ይቀራል፤ ለዚህ ነው ከፍታው የሚቀላው። ታጥቦ የወረደው ደግሞ ሜዳው ላይ ተጠራቅሞ፣ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ማዕድን ይሆናል። ማዕድኑ ስሜክታይት ይባላል። ስለዚህ እርስዎ በልጅነትዎ ያዩት ሥርዓት፣ ቀዩ ከላይ ጥቁሩ ከታች፣ ለዚያ አገር ትክክል ነው።

የቴክሳሱ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ጋርላንድ የቆመችበት መሬት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባበቃው የክሬቴሺየስ ዘመን ጥልቀት በሌለው ባሕር ሥር ነበር። ባሕሩ ጥሎት የሄደው ጠመኔና ኖራ የተቀላቀለበት የጭቃ ድንጋይ ሲሆን፣ ይህ የጭቃ ድንጋይ ከመጀመሪያውም በስሜክታይት የተሞላ ነው። ስለዚህ ሸክላው ከሌላ ቦታ ታጥቦ መምጣት አላስፈለገውም፤ ድንጋዩ በቆመበት ለስልሶ አፈር ሆነ። ጉብታውም ሆነ ተዳፋቱ ከዚያው ድንጋይ የተቀረጸ በመሆኑ ዋልካው ጉብታው ላይ ተገኘ። የአካባቢው የአፈር ቀያሾችም ይህን ልዩነት አጥብቀው ይይዙታል። ሂውስተን ብላክ የሚሉት ከወንዝ ዳር ከፍ ባለው መሬት ላይ ከጭቃ ድንጋይ የወጣውን ነው። ከዚያው ጉብታ ላይ ተዳፋቱ በረታ ካለና አፈሩ ሳሳ፣ ቀለሙም ገርጣ ካለ ሃይደን ይሉታል። በጥንት ወንዝ ደለል ላይ የተፈጠረውን ጥቁር ሸክላ ብራንየን ወይም በርልሰን፣ ዛሬም ጎርፍ የሚያገኘውን የወንዝ ዳር መሬት ደግሞ ትሪኒቲ ብለው ይለዩታል። አምስቱም በእጅ ሲጨበጡ ለእኔና ለእርስዎ ዋልካ ናቸው፤ ለቀያሽ ግን የተወለዱበት ስፍራ ይለያያል።

የአፈሩን ጠባይ ለመረዳት ስሜክታይትን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰች ናት፤ በዓይን አትታይም። የስሜክታይት ቅንጣት ደግሞ አንድ ወጥ ፍሬ ሳትሆን፣ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ የተነባበሩ ስስ ገጾች ናት። ውሃ ሲመጣ በየገጹ መካከል ይገባና ገጾቹን ያራርቃል፤ ድርቅ ሲመጣ ውሃው ይወጣና ገጾቹ እንደገና ይጣበቃሉ። በሂውስተን ብላክ ውስጥ ከአፈሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው፣ እስከ 60 በመቶ ድረስ፣ ሸክላ ነው። ስለዚህ ይህ ጥቃቅን መነፋትና መኮማተር አንድ ላይ ሲደመር መሬቱ ራሱ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ይሰነጠቃል። በደረቅ ወራት የሚከፈተው ስንጥቅ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። በቾ ላይ በጥር ወር የጥጃ እግር ገብቶ የተሰበረበትን ስንጥቅ ያስታውሱ ይሆናል፤ ያው ነው፤ ወሩ ብቻ ነው የተለወጠው። እርስዎ ዘንድ አሁን ነሐሴ ሲሰነጠቅ የአባትዎ ማሳ በነሐሴ ውሃ ተኝቶበት ነው።

ውሃውን በሚመለከት አፈሩ ሁለት ፊት አለው። ደርቆ በተሰነጠቀ ጊዜ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ እየተንደረደረ ወደ ታች ይገባል፤ ምድር የጠማት ይመስላል። ሸክላው ከራሰና ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ግን ውሃ የሚያሳልፈው በሰዓት ከ1.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ የተረፈው በላዩ ላይ ይፈስሳል። በዌኮ አቅራቢያ ራይዝል በተባለ ስፍራ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምረው በዚሁ አፈር ላይ ጎርፍና የአፈር መሸርሸርን ሲለኩ ኖረዋል። አንድ ዝናብ ምን ያህል ጎርፍ እንደሚያመጣ ለማወቅ የዝናቡን መጠን ብቻ ሳይሆን ዝናቡ ሲጥል ስንጥቁ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ የሚለውን መጠየቅ ግድ ይላል።

ከዚህም በታች የሚሆነው ይበልጥ ያስገርማል። የላይኛው አፈር ፍርፋሪ በስንጥቁ ውስጥ ይወድቃል፤ ሲዘንብ ታችኛው አፈር ያብጣል፤ መሄጃ ስለሌለውም ጎን ለጎን ይገፋፋል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። እርጥበቱ መካከለኛ በሆነበት ጊዜ አንድ ሜትር ያህል ቆፍረው ጓሉን በእጅዎ ፈልቀቅ ቢያደርጉት፣ በሰም የተወለወለ የሚመስል ጋደል ያለ አብረቅራቂ ገጽ ያያሉ፤ ገጹም ላይ ጫር ጫር ያሉ ስስ መስመሮች ይኖራሉ። አፈር አፈርን የፋቀበት ምልክት ነው። የሸክላ ጓሎቹ ራሳቸው እንደ እንጨት ፈላጭ ሽብልቅ ባንድ ጫፍ ሰፍተው በሌላው ሾለው ይገኛሉ። አፈር መርማሪ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቬርቲሶል ነው ብሎ የሚፈርመው ይህን ካየ በኋላ ነው። አደራዎን፣ ከመቆፈርዎ በፊት ወደ 811 ደውለው የጋዝና የመብራት መስመር ያስመልክቱ፤ የአፈር ፍቅር ለአደጋ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ይህ ግፊያ ላይኛውን ገጽ ሳይቀር ያጎራብጠዋል። ፈጽሞ ባልታረሰ የሣር መሬት ላይ አፈሩ ጉብ ጉብ፣ ጎድጎድ ይላል፤ ጉብታው ከጎድጓዳው ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ዓለም አቀፍ ስሙ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰደው ጊልጋይ የሚለው ቃል ነው፤ የቴክሳስ ገበሬዎች ግን የአሳማ መንከባለያ ይሉት ነበር። እርስዎ ሰፈር ይህን ለማየት አይድከሙ፤ ማረሻና ግሬደር ካስተካከለው ቆይቷል። በጠቅላላው የቴክሳስ ጥቁር አፈር ሜዳ ሳይታረስና ሳይገነባበት የቀረው የጥንቱ ረጃጅም ሣር ከ1 በመቶ በታች ነው። ቀሪውን መጀመሪያ ጥጥ ወሰደው፣ ኋላ በቆሎ፣ ማሽላና ስንዴ፣ አሁን ደግሞ ቤቶች።

ስለ ጥቁረቱ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥቁር አፈር ሁሉ በብስባሽ የበለጸገ ይመስለናል። ሂውስተን ብላክ እንደ ከሰል ይጥቆር እንጂ ለረጅም ዘመን በታረሰው መሬት ውስጥ ያለው ብስባሽ ቀለሙ የሚያሳየውን ያህል አይደለም፤ ጥቂት ብስባሽ ከስሜክታይት ጋር ጥብቅ ብሎ ሲያያዝ ብዙ ያጠቁራል። ለምነቱ የመጣው በይበልጥ ሸክላው ካልሲየምና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ኖራም አለው። ጓል ላይ ኮምጣጤ ጠብ ቢያደርጉ ቺስ ብሎ አረፋ ያወጣል። የበቾው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጣ በመሆኑ ላይኛው ክፍሉ እንዲህ ላያፈላ ይችላል፤ ኖራው ቢኖርም ወደ ታች ወርዶ በጠጠር መልክ ነው የሚገኘው። ለማነጻጸር ብለው ግን ከአገር ቤት አፈር ቋጥረው እንዳያስመጡ፤ ያለ ፈቃድ አፈር ወደ አሜሪካ ማስገባት የተከለከለ ነው።

ወደ ረጅሙ ስም እንለፍ። ይህ ስም የሚነበበው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ኤርት» ቬርቲሶል ከሚለው የተቆረጠ ነው፤ ሥሩም መገልበጥ የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው። ቀደም ሲል የገለጽኩት፣ የላዩ ወደ ታች የታቹ ወደ ላይ የሚገፋፋው ነገር ማለት ነው። የአሜሪካው ምደባ በምድር ላይ ያለውን አፈር በ12 ዋና ክፍሎች የከፈለ ሲሆን፣ ቬርቲሶል ለመባል ሦስት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው፦ የተወለወለው ገጽ ወይም የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ጓል፣ ከላይ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላ፣ እንዲሁም በየጊዜው የሚከፈትና የሚዘጋ ስንጥቅ። ከእነዚህ ውስጥ ቀለም የሚል እንደሌለ ልብ ይበሉ።

ቀጥሎ ያለው «ኡስት» የተቃጠለ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ደረቅ ወቅት ያለበትን አገር ያመለክታል። በዚህ አፈር ረገድ ትርጉሙ በቁጥር ተወስኗል፤ ስንጥቁ በዓመት ውስጥ ሲደመር 90 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ክፍት ይሆናል። «ሃፕል» ቀላል፣ ተራ ማለት ነው፤ አፈሩ ውስጥ ጨው፣ ጂፕሰም ወይም ሌላ ለብቻው ስም የሚያሰጥ የተለየ ነገር የለም እንደማለት። ከፊት ያለው «ዩዲክ» እርጥብ ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ ስንጥቁ 90 ቀን ይለፍ እንጂ 150 ቀን አይሞላም ይላል። በዓመት ወደ 900 ሚሊ ሜትር ዝናብ ለሚያገኘው አካባቢ የሚስማማ ነው። እንግዲህ «ዩዲክ ሃፕልስተርት» የሚለውን ባንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ብንፈታው፣ በዓመት ከሦስት ወር በላይ፣ ከአምስት ወር በታች ተሰንጥቆ የሚከርም፣ ሌላ ልዩ ጠባይ የሌለው ተገላባጭ አፈር ይሆናል። እኔ በግሌ ይህን ስም የምወደው ለዚህ ነው፤ ጆሮ ቢያደማም አፈሩ የሚያደርገውን ይናገራል።

የቀሩት ሦስት ቃላት አጭር ናቸው። «ፋይን» የሸክላው መጠን ከ35 እስከ 60 በመቶ መሆኑን፣ «ስሜክቲቲክ» ዋናው ማዕድን ስሜክታይት መሆኑን፣ «ተርሚክ» ደግሞ የአፈሩ አማካይ ሙቀት ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሲየስ መሆኑን፣ በበጋና በክረምት መካከልም ቢያንስ የ6 ዲግሪ ልዩነት መኖሩን ይናገራሉ። የአባትዎ ዋልካ ከጋርላንዱ የሚለይበት አንደኛው ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። በኢትዮጵያ ደጋ የአፈሩ ሙቀት ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ በዚህ ቃል ፊት «አይሶ» ተጨምሮበት «አይሶተርሚክ» ይባላል። ሁለተኛው ውሃው ነው። ክረምቱን በሙሉ ውሃ ተኝቶበት አየር የሚያጣ ረባዳ ዋልካ ከሆነ፣ «ኡስት» የሚለው ቀርቶ «አክዌርት» የሚባለው ንዑስ ክፍል ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ይህ የኋለኛው ልዩነት በአስተራረስ ላይ በግልጽ ይታያል። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ቬርቲሶል እንዳለ ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮኑ በደጋው ነው። የደጋው ገበሬ ከዋልካ ጋር የኖረው ውሃውን እያጠነፈፈና የዘር ጊዜውን እያዘገየ ነው። ለዚህ ነው ጤፉ ክረምቱ ከገባ በኋላ የሚዘራው፤ ሽምብራና ጓያ ደግሞ ዝናቡ ሊያቆም ሲል በቀረው እርጥበት ይበቅላሉ። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች በእጃቸው አፈሩን እየከመሩ ሰፊ መደብ ከነቦዩ ይሠራሉ። ጋርላንድ ላይ ጉብታው ራሱ ውሃውን ያሻግራል፤ የዚያ አገር ገበሬ ጭንቀት ማጠንፈፍ ሳይሆን አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ መከላከል ነው፤ ወረቀትዎ ላይ ያለው ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚለው ተዳፋት የተጻፈውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ቤትዎን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ላይ ግንበኞች ይህንኑ አፈር «ብላክ ኮተን» እያሉ ቆፍረው ያወጡትና በሰሌክት፣ ማለትም ተመርጦ በሚመጣ ሌላ አፈር ይተኩታል። ቴክሳስ ላይ አፈሩ ጥልቅ ስለሆነ ብዙ ቤት የሚሠራው ሶሌታው በቀጥታ አፈሩ ላይ አርፎ ነው። ቤትን የሚሰነጥቀው የአፈሩ መነፋት ወይም መኮማተር ብቻውን አይደለም፤ አንዱ ጥግ ደርቆ ሲወርድ ሌላው ጥግ ርሶ መቆየቱ ነው። ስለዚህ ዓላማዎ በቤቱ ዙሪያ ያለው እርጥበት ዓመቱን በሙሉ የተቀራረበ እንዲሆን ማድረግ ነው። የአካባቢው ሰው በደረቁ ወራት ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጎ የሚያንጠባጥብ ጎማ ይዘረጋል፤ ቤቱን ያጠጣል ሲባል ሰምተው ስቀው ይሆናል፤ ቀልድ አይደለም። የጣራውን ውሃ ከመሠረቱ ያርቁ፤ ትልልቅ ዛፍ ከግድግዳው ሥር አይትከሉ፤ ሥሩ በነሐሴ ከአንድ ወገን ያለውን እርጥበት ጠጥቶ ይጨርሰዋል። በጥልቅ ምሰሶ ማስደገፍ ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ጥገናውን ከሚሸጥልዎ ሰው በፊት ከጥገናው ጥቅም የሌለው ፈቃድ ያለው የስትራክቸር መሐንዲስ ያማክሩ።

ጥያቄ፦

የአፈር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በቤተ መጻሕፍት ያገኘሁት የቆየ መጽሐፍ ሂውስተን ብላክን «ዩዲክ ፔሉስተርትስ» ይለዋል፤ አዲሱ «ዩዲክ ሃፕልስተርትስ» ይለዋል። የትኛው ነው ስህተቱ?

መልስ፦

ሁለቱም ስህተት የለባቸውም፤ የተለወጠው ደንቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው የአሜሪካ ምደባ በደረቅ ወቅት የሚሰነጠቁትን ቬርቲሶሎች በቀለማቸው ድምቀት ለሁለት ከፍሏቸው ነበር፤ ጥቁሮቹን «ፔል»፣ ቀለማቸው ደመቅ ያሉትን «ክሮም» እያለ። ሐሳቡ የጠቆረው ውሃ የሚተኛበት ነው የሚል ነበር። ነገር ግን በጉብታ ላይ ሆነው ውሃ የማይተኛባቸው፣ እንደ ሂውስተን ብላክ ያሉ ጥቁር አፈሮች ሐሳቡን አፈረሱት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደንቡ ሲሻሻል ውሃ ለሚተኛባቸው «አክዌርት» የሚል የራሳቸው ንዑስ ክፍል ተሰጣቸው፤ ቀለሙም ከስሙ ወጣ። ዓለም አቀፉ ምደባ ግን ቀለሙን አልጣለውም፤ የላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር የጠቆረ ከሆነ ዛሬም «ፔሊክ ቬርቲሶል» ይለዋል፤ በአገራችን የአፈር ካርታዎች ላይ የሚያገኙት «ፔሊክ» ከዚሁ ወገን ነው። በጽሑፍዎ ውስጥ ስሙን ሲጠቅሱ ከየትኛው ምደባ፣ በየትኛው ዓመት ከወጣው እትም እንደወሰዱት አብረው ያስፍሩ።